ራስ ምታት ማንቂያ አይደለም፦ ስለ ወርክሾፕ ማሞቂያ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ማሞቂያውን አትፍሩት» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። ሦስቱ በእንጨትና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ከሥሩ «እኛም ከነገ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ» ብሎ ጽፎበታል። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ያ አንድ መስመር ነው። ጽሑፉ የሐሳብ ክርክር ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር፤ ግን ሰው ዛሬ አንብቦ ነገ ጠዋት በእጁ የሚሠራውን ነገር ነው የያዘው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሚያወሩት በኬሮሲን፣ በናፍጣ ወይም በጋዝ ስለሚሠሩ ጭስ ማውጫ የሌላቸው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያዎች ነው፤ በተለይም መድፍ ስለሚመስሉትና በማራገቢያ እየገፉ ትኩስ አየር ስለሚተፉት። ክርክራቸው ስድስት ነገር አለው። ወርክሾፕ ክፍተት የበዛበት ቦታ ስለሆነ መስኮት መክፈት ሙቀት መበተን ነው ይላሉ። በደንብ የሚነድ ማሞቂያ መርዛም ጋዝ አያወጣም፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነና ሽታ ከሌለ አደጋ የለም ይላሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ነዳጅ ጨርሶ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው መርዛም ጋዝ) ማንቂያ የተሠራው ለተኛ ሰው ነው፤ ነቅቶ የሚሠራ ሰው ራሱን ሲያመው ወጣ ብሎ አየር ይቀበላል ይላሉ። ነዳጅ ሁሉ ያው ነዳጅ ስለሆነ፣ ማሞቂያው በብርድ አልነሳ ሲል ትንሽ ቤንዚን ጠብ ማድረግ ይረዳል ይላሉ። እሳቱ ብረት ውስጥ ስለታሸገ ከማንኛውም ዕቃ አንድ ሜትር ማራቅ ይበቃል ይላሉ። በመጨረሻም ማጥፋትና ማስነሳት ማሽኑን ስለሚጎዳው እየነደደ መሙላት፣ ካስፈለገም ሌሊቱን ትቶት መሄድ ይቻላል ይላሉ። ማሰሪያቸው «ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ምንም አልሆንኩም» የሚል ነው።

በመነሻቸው እስማማለሁ። ብርድ ራሱ አደጋ ነው። ጣቱ የደነዘዘ ሰው መጋዝ ፊት መቆም የለበትም። ወፍራም ጓንት አጥልቆ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ አጠገብ መሥራት ደግሞ ከብርዱም ይብሳል፤ ማሽኑ ጓንቱን ሲይዝ እጁንም ይዞ ነው የሚገባው። አብዛኛው የእንጨት ኮላም ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች በወጉ አይጠነክርም። ስለዚህ ማሞቂያ ቅንጦት ነው የሚል ክርክር ከእኔ አይመጣም። እኔም በማሞቂያ ነው የምሠራው።

ወርክሾፕ ራሱ ይተነፍሳል ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 144 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 20 ኪሎዋት የሆነ መካከለኛ ማሞቂያ በሙሉ ጉልበቱ ሲነድ በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ኬሮሲን ይፈጃል። አንዱ ሊትር ነድዶ እስኪያልቅ 2 ሜትር ኩብ ገደማ ኦክስጅን ይወስዳል፤ በሰዓት 4 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ክፍሉ ፈጽሞ ዝግ ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 18 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። የኦክስጅን መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸው የጋዝ ማሞቂያዎች «ከዚህ በላይ አልነድም» ብለው ራሳቸውን የሚያጠፉት እዚያው 18 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። መድፍ መሳዩ የኬሮሲን ማሞቂያ ግን በአብዛኛው ይህ መቆጣጠሪያ የለውም። ነበልባሉ መኖሩን ያያል፣ ከልክ በላይ መጋሉንም ያያል፤ አንተ የምትተነፍሰውን አያይም።

«የማንም ወርክሾፕ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የታሸገ አይደለም» ማለታቸው ልክ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ክፍተት አለ ወይ አይደለም፤ ስንት ነው ነው። ከበር ሥር ያለ ክፍተት ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሴንቲሜትር ቢሆን 100 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ከእነዚህ ማሞቂያዎች ጋር የሚመጡ ብዙ መመሪያዎች ለየ100,000 ቢቲዩ (የማሞቂያ ጉልበት በሰዓት የሚለካበት ነው) 2,800 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ይጠይቃሉ። 20 ኪሎዋት 68,000 ቢቲዩ ገደማ ስለሆነ የሚያስፈልገው 1,900 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ጎንና ጎኑ 44 ሴንቲሜትር የሆነ መስኮት ወለል ብሎ ሲከፈት ማለት ነው። የበሩ ሥር ክፍተት ከዚያ ሃያ እጅ አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ ያነሰ የሚጠይቁ አምራቾችም አሉ፤ ለእያንዳንዱ ማሞቂያ የሚሠራው የራሱ መመሪያ ነው። በበር ሥር ንፋስ የሚረካ መመሪያ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጽሑፉ ላይ ደግሞ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አለ። መግቢያው ላይ ወርክሾፑ በክፍተቱ እንደሚተነፍስ ይነግሩናል። ወረድ ብለው ነዳጅ ለመቆጠብ የመስኮቱን ዙሪያ በፕላስቲክ እንድንለጥፍ፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ እንድንደፍን ይመክራሉ። ሁለቱን ምክር ባንድ ላይ የተከተለ ሰው የሚተማመንበትን መተንፈሻ በገዛ እጁ ዘግቶታል። ብርድ ሲጠና ደግሞ ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ማሞቂያው አብዝቶ በሚነድበት ሳምንት ክፍሉ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የተደፈነ ይሆናል።

የሙቀት ብክነቱንስ? እሱንም እናስላው። ያ ማሞቂያ በሰዓት 5 ኪሎግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ብዙ አገሮች ለሥራ ቦታ ከያዙት 5,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 5,000ው) በታች ለማቆየት በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ገደማ ንጹሕ አየር መግባት አለበት። የውጪው አየር ከውስጡ በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ያንን ሁሉ ለማሞቅ 4 ኪሎዋት ይሄዳል። ከ20 ኪሎዋት 4ቱ፣ ከአምስት እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ብክነት የሚሉት ይህን ነው፤ እውነትም ይባክናል። አራት እጁ ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ይህንንም ማጣት ለማይፈልግ ሰው ጭስ ማውጫ ያለው ዓይነት አለ፦ የተቃጠለው ጋዝ በቱቦ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው የሞቀ ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ ለማንቀሳቀስም ይከብዳል። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሠራ ሰው ግን እኔ የምመክረው እሱን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። በጋዝ ማሞቂያ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ጋዙና አየሩ በልካቸው መደባለቃቸውን ያሳያል፤ ቢጫ ሆኖ መወዛወዝ ከጀመረ መጥፋት አለበት። ይሁን እንጂ የነበልባል ቀለም የሚነግረን በርነሩ በዚህች ደቂቃ እንዴት እንደሚነድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደተጠራቀመ አይነግረንም። ትንሽ ትንሽ የሚያወጣ ማሞቂያም መውጫ በሌለው ክፍል ስድስት ሰዓት ሲነድ ያችኑ ትንሽ ያጠራቅማታል። ኦክስጅኑ እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ ጤነኛው በርነር ራሱ ነዳጁን ጨርሶ ማቃጠል ያቅተዋል፤ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል።

ሽታን በተመለከተ የተሳሳተው አመክንዮው ነው። «ሽታ ካለ ችግር አለ» የሚለው እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ሽታ ከሌለ ችግር የለም» ማለት ግን አይቻልም። የሚሸተን ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕምም የለውም። ከአየር በጥቂቱ ቀለል ስለሚል ክፍሉን እኩል ይሞላል፤ ከመሬት አይተኛም፣ ጣሪያ ሥር ብቻም አይንሳፈፍም።

በወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ ሰጋቱራ። ማሞቂያው አየሩን የሚስበው ከጀርባው ባለ ፊልተር በኩል ነው። የእኔን በሁለት ሳምንቱ አውጥቼ ሳየው ስፖንጁ አይታይም ነበር፤ ላዩን እንደ ብርድ ልብስ የለበሰ የሰጋቱራ ድርብርብ ነበር፣ በጥፍሬ ስፍቀው ሳይቆራረጥ ባንድ ላይ ተገፎ መጣ። አየሩ በዚያ ውስጥ ነበር የሚሳበው። እንዲህ የታፈነ ማሞቂያ ሲገዛ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም። የእንጨት ሥራ ባለበት ፊልተሩን መመሪያው ከሚለው ቀን ቀድሞ ማጽዳት፣ እንጨት በሚላግበትና በሚሸረሸርበት ሰዓት ደግሞ ማሞቂያውን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አቧራ ራሱ በእሳት የሚያያዝ ነገር ነውና።

ዓይን የሚያየው ምልክት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ከነበልባሉ ይልቅ ብረቱን ይመልከት። አንድ ሊትር ኬሮሲን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በተን መልክ ይወጣል። አንድ ቀን ጠዋት ማሞቂያው አንድ ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ የመጋዙ የብረት ገበታ ላይ መዳፌን ባሳርፍ እርጥብ ሆነብኝ፤ መስኮቱም ያልበዋል። በማግስቱ ገበታው ላይ የመዳፌ ቅርጽ በዝገት ወጥቶ አገኘሁት። ያ ውሃ ከማሞቂያው የወጣ ነው። ውሃው መውጫ አጥቶ ብረት ላይ ከተኛ አብሮት የወጣው ሌላው ጋዝም አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ ሲያልበው ካየሁ ክፍተቱን እጨምራለሁ።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ በጽሑፉ ውስጥ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። «ነቅቶ የሚሠራ ሰው ራሱን ሲያመው ይወጣል።»

ከአንድ ወጣት ረዳቴ ጋር የጠረጴዛ እግር እየቆረጥን ነበር። ማሞቂያው ከጠዋት ጀምሮ ይነድዳል፣ በሩ ገርበብ እንኳ አላለም። «ጋሼ፣ ስንት ነበር ያሉኝ?» አለኝ። «72» አልኩት። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ አዲስ መለስኩለት፤ ሁለታችንም ቅድም መነጋገራችን ትዝ አላለንም። ግንባሬን ከበድ ይለኝ ነበር፤ ሌሊት በደንብ ስላልተኛሁ ነው አልኩ። እሱን አቅለሽልሾታል፤ ቁርስ ሳልበላ ስለመጣሁ ነው አለ። ለሁለታችንም በቂ ምክንያት ነበረን። ያዳነን ዕቃ ሊወስድ የመጣ ጎረቤት ነው፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳስገባ ቆም ብሎ «ምን ሆናችኋል? ፊታችሁ ልክ አይደለም» አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። በኋላ ስናይ ከተቆረጡት እግሮች ሦስቱ 27 ሳንቲም ነበሩ።

ራስ ምታት አላጣንም። ያጣነው ራስ ምታቱን ከማሞቂያው ጋር የሚያያይዝ ጭንቅላት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ የሚራበው አንጎል ነው። ስለዚህ ይህ ጋዝ ቀድሞ የሚወስደው ጸሐፊው የሚተማመኑበትን ያንኑ ዳኝነት ነው። 400 ፒፒኤም ባለበት ክፍል ራስ ምታት የሚጀምረው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቆይቶ ነው። 1,600 ሲደርስ ግን ራስ ምታቱ በ20 ደቂቃ ይመጣል፣ ሞት ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ። ራስ ምታትን እንደ ደወል የቆጠረ ሰው የቱኛው ላይ እንዳለ በምን ያውቃል?

«ወጣ ብሎ አየር መቀበል» የሚለውም የተነገረለትን ያህል አይሠራም። በንጹሕ አየር ላይ ቆሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ግማሽ ለመውረድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። አሥር ደቂቃ ውጪ ቆሞ የተመለሰ ሰው ሻል ያለው ይመስለዋል፤ ደሙ ግን ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነው፣ ተመልሶ ሲገባ በዚያው ላይ ይጨምራል። ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ወጥቶ እዚያው ውጪ መቅረት፣ ሌሎቹንም ማስወጣት፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርስም «ማሞቂያ ባለበት ክፍል ነበርኩ» ብሎ መናገር አለበት። ሐኪሙ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ያ 4 እና 5 ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

የማዕድን ሠራተኞች ይህን ካወቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በከሰል ማዕድን ፍንዳታ የሞቱትን ሰዎች መርምሮ ብዙዎቹን የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አሳየ። ትናንሽ እንስሳት ይዘው እንዲወርዱም መከረ፤ በፍጥነት ስለሚተነፍሱ ከሰው ቀድመው ይወድቃሉና። ካናሪ የምትባለዋ ወፍ ወደ ጉድጓድ የገባችው በዚህ ነው፤ በብሪታንያ በኤሌክትሮኒክ መለኪያ የተተካችውም እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እነዚያ ሰዎች ነቅተው የሚሠሩ፣ ጉልበታም፣ ልምድ ያካበቱ ነበሩ። ሆኖም የገዛ ራስ ምታታቸውን አላመኑትም፤ መለኪያውን ከሰውነታቸው ውጪ አደረጉት።

ስለ ማንቂያው አንድ ነገር ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በወርክሾፕ ውስጥ ያለምክንያት ይጮኻል ያሉት እውነትነት አለው። የመኪና ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብዙዎቹን ማንቂያዎች ያታልላል፤ የቲነር ተንም እንዲሁ። ግን መፍትሔው ባትሪውን ሌላ ቦታ ቻርጅ ማድረግ ነው እንጂ ማንቂያውን መንቀል አይደለም። ሌላም ልጨምር፤ የቤት ማንቂያ በዝቅተኛ መጠን ሆን ብሎ ይታገሳል። በአንድ የታወቀ የአሜሪካ ደረጃ መሠረት የተሠራው በ70 ፒፒኤም ላይ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ በ400 ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጮኽ አለበት። በዚያው አገር የሥራ ቦታ ሕግ ለ8 ሰዓት አማካይ የፈቀደው 50 ነው። ስለዚህ ለወርክሾፕ የጋዙን መጠን ፊቱ ላይ በቁጥር የሚያሳየው ይሻላል። በአፍንጫ ከፍታ፣ ከማሞቂያው አፍ ራቅ አድርጎ መስቀል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ዓመትም ማየት ያስፈልጋል፤ ውስጡ ያለው ሴንሰር ያረጃል።

አራተኛው፣ ቤንዚን። እዚህ ላይ ለስለስ ያለ ቃል መምረጥ አልችልም፤ ይህ ምክር ሰው ያቃጥላል። ነዳጆችን የሚለያያቸው በፍንጣሪ የሚለኮስ ተን ማውጣት የሚጀምሩበት ሙቀት ነው። ኬሮሲን 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ናፍጣ ከ50 በላይ። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳይቀር ተኑ ይለኮሳል። ማለትም ሰው ሊሠራበት በሚችል በየትኛውም ክፍል ውስጥ ቤንዚን ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። መድፍ መሳዩ ማሞቂያ ታንከሩ ከጋለው በርሜል በታች ተለጥፎ ነው ያለው፤ እየነደደ ሲሄድ ታንከሩም ይሞቃል። ኬሮሲን ያንን እንዲችል ተብሎ ነው የተመረጠው። «ጠብታ ብቻ» ማለት አያድንም፤ ጥቂት ቤንዚን መላውን ኬሮሲን ባሕርዩን ይለውጠዋል፣ በዓይን ደግሞ አይለይም። ቤንዚን ተይዞበት በነበረ ጀሪካን ኬሮሲን መግዛት ራሱ በቂ ስሕተት ነው። ለየነዳጁ የተለየ ቀለም ያለው ጀሪካን መያዝ፣ ስሙንም በትልቁ መጻፍ ቀላሉ መከላከያ ነው።

ማሞቂያው በብርድ አልነሳ ካለ ምክንያት አለው፤ ፊልተሩ ታፍኗል፣ ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል ወይም አሮጌ ነው፣ ወይም ናፍጣ ሆኖ በብርዱ ረግቷል። ናፍጣ የሚለው ግን የጸሐፊው ግማሽ እውነት ነው፤ ብዙዎቹ በማራገቢያ የሚሠሩት በናፍጣም እንዲነዱ ተደርገው ተሠርተዋል፣ መመሪያቸውም ይፈቅዳል። በክር የሚነደው ማሞቂያ ግን ከንጹሕ ኬሮሲን ሌላ አይችልም።

ጋዝ ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉ ስለማይነካው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ቢያፈስ ወለል ለወለል ይሄዳል። የመኪና መጠገኛ ጉድጓድ ባለበት ወርክሾፕ ወደዚያ ገብቶ ይተኛል፣ ከላይ ቆሞ የሚያሸት ሰው ላይደርሰው ይችላል። ጉድጓድ ያለበት ቤት ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አላስገባም። በረዶ የያዘ ሲሊንደርን ወደ ማሞቂያው አፍ አዙሮ «ማሟሟቅ» ደግሞ መቼም አይሞከርም።

ስለ ርቀት ባጭሩ። እሳቱ ታሽጓል፣ ሙቀቱ ግን አልታሸገም፤ ማሞቂያው የተሠራው እሱን እንዲተፋ ነው። ብዙ መመሪያዎች ከአፉ ፊት 2.4 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ከጎንና ከላዩ 1.2 ሜትር ገደማ ይላሉ። የጸሐፊው አንድ ሜትር ለክር ማሞቂያ ይሠራል፤ ለመድፍ መሳዩ ፊት አይሠራም። ከርቀቱ ይበልጥ የምፈራው ግን አየሩ ውስጥ ያለውን ነው፤ ማራገቢያው ከጀርባው የሳበውን ሁሉ በእሳቱ ውስጥ ያሳልፈዋል። ቲነርና ቫርኒሽ በሚቀባበት ሰዓት ያ ተን ወደ ነበልባሉ ይሄዳል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ርጭት ደግሞ በእሳት ሲያልፍ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ፎስጂን የሚባሉ ሳንባ የሚያቃጥሉ ጋዞች ይሰጣል። ስለዚህ ሲቀባም ሲረጭም ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ተኑ እስኪወጣ ጠፍቶ ይቆያል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ከማንም እርዳታ ሳይጠይቅ ግሎ የሚነድ ነገር ነው፤ ከማሞቂያ አጠገብ መተው ያፋጥነዋል።

ስድስተኛው ላይ ስለ ማሽኑ ያሉት ትክክል ነው፤ በየደቂቃው ማጥፋትና ማስነሳት አይወድም። ግን ከዚያ ተነሥቶ በጋለ ብረት ላይ ነዳጅ ማፍሰስ አይመጣም። በማብሪያ ማጥፊያው ይጠፋል፤ ማራገቢያው ውስጡን እስኪያቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ሶኬቱን መንቀል ማቀዝቀዙን ያቋርጠዋል። ከበረደ በኋላ ውጪ ወጥቶ ይሞላል፣ እስከ አፉም አይሞላም፤ ከብርድ የመጣ ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋልና። የፈሰሰ ነዳጅ ቢነድ ውሃ ያሰራጨዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የፓውደር እሳት ማጥፊያ ከበሩ አጠገብ መሰቀል አለበት። ሌሊቱን ትቶ ስለመሄድ፣ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው በምን ዓይነት አየር ውስጥ እንደሚገባ ጸሐፊው ራሳቸው እንዲያስቡት እጠይቃለሁ።

«ሃያ ዓመት ምንም አልሆንኩም» ለሚለው፣ በእውነት ደስ ይለኛል። ምናልባት የእርሳቸው ወርክሾፕ ሰፊ ነው፤ ምናልባት ጣሪያው ሥር የማያዩት ክፍተት አለ። እኔም ከዚያ ጠዋት በፊት ለዓመታት ምንም አልሆንኩም ነበር። ከእኛ መካከል ጽሑፍ መጻፍ የምንችለው ምንም ያልሆንነው ብቻ ነን።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ፣ በክፍተቱ ስሌት ወይም በርቀቱ ላይ ባንስማማ ቁጥር ይዘው ይምጡ፣ ደስ ብሎኝ እነጋገራለሁ። የቤንዚኗን አንቀጽ ግን ክርክራችን እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ዛሬ ያውጧት፤ ያ «ከነገ ጀምሮ» ያለው ወዳጄ ጀሪካኑ ከማሞቂያው አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው።